ሰባት ሺህ «ብቻ»?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ሬዲዮው ላይ «ባለሙያ» ተብሎ የቀረበ አንድ ሰውዬ ስለ ኮሮና ያወራል። «እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ኮሮና እኛን አልነካንም፣ በሀገር ደረጃ የሞተው ሰባት ሺህ ተኩል ሰው ብቻ ነው፣ የሁለት ዓመት የመኪና አደጋ እንኳን አይሞላም» አለ። ጋዜጠኛው ታዲያ ምን አዳነን ብሎ ሲጠይቀው፣ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት! ረዳቱ ሳይቀር «እውነቱን ነው» አለ። እኔ ፒያሳ እስክደርስ ደሜ ፈልቶ ነበር።

መጀመሪያ ፌጦውን እንጨርስ። ፌጦ አልጠላም፣ እናቴ በዛ ሰሞን ከዝንጅብል ጋር እየወቀጠች አፍንጫዬ እስኪቃጠል አብልታኛለች። ግን ያዳነን ፌጦ ከሆነ በ1911 ኅዳር ላይ ፌጦ አልነበረም ወይ? ፌጦውም ዳማ ከሴውም በየጓሮው ነበር እኮ፣ የኅዳር በሽታ (ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ) ግን ራስ ተፈሪን ራሳቸውን አልጋ ላይ ጥሎ አዲስ አበባን ቀባሪ አሳጣት። ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናጨሰው ለምን መሰላችሁ? እሺ፣ ሕዝባችን ወጣት ስለሆነ እንደተፈራው አላለቅንም፣ እሱን እቀበላለሁ። ሌላውን ግን አልቀበልም።

ወደ ሰባት ሺው እንምጣ። ማነው የቆጠረው? ያ ቁጥር እኮ ቴስት ተደርጎ ፖዚቲቭ ወጥቶ ከዛ የሞተው ሰው ቁጥር ነው። ቤቱ ሦስት ቀን ሲያስለው ከርሞ ጸበል እየተረጨ ያረፈው ሽማግሌ የለበትም። እኛ ሀገር ሞት የሚመዘግበው መንግሥት ሳይሆን ኢድር ነው። የሰፈራችን ኢድር ጸሐፊ ደብተር ባለ 50 ሉክ ነው፣ ጫፍ ጫፉ በዘይት የወዛ፣ ውስጡ በእስኪርቢቶ የተሰመረ፣ ስም፣ ቀን፣ የተከፈለ ብር፣ ድንኳን ወጥቷል አልወጣም። በ2013 አንዱን ገጽ በሁለት ወር እንደጨረሰው አይቻለሁ፣ ሌላ ጊዜ ግማሽ ዓመት ይበቃው ነበር። ጋሼ፣ ምን እንደገደላቸው ለምን አይጽፉም ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ለድንኳኑ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። በቃ፣ የሀገራችን ስታትስቲክስ ይሄው ነው። ሰውዬው ግን ያልተጻፈን ነገር «አልሞተም» ብሎ ያነበዋል። እኛ ብቻ አይደለንም ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እና 2021 (በፈረንጆቹ) የተመዘገበው ሟች 5.4 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ሳለ በትርፍ የሞተውን ሰው (በደህናው ጊዜ ይሞታል ተብሎ ከሚጠበቀው በላይ የሞተውን) ሲያሰላው 14.9 ሚሊዮን ነው ያገኘው። ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሆስፒታልና መዝገብ ያላቸው ሀገሮች ሳይቀሩ እንዲህ ከተሳሳቱ የኛ ሰባት ሺህ ተኩል ስንት ነው?

ደግሞ እሺ ሰባት ሺህ ይሁን። ጎንደር ላይ ቁጭ ብሎ «ሰባት ሺህ ብቻ» ማለት አያሳፍርም ወይ? በ1940ዎቹ አጋማሽ እዚሁ ጎንደር አጠገብ ደንቢያ ላይ ወባ የጨረሰው ሰው ወደ 7 ሺህ ነው ተብሎ ነው የተጻፈው። ያኔ ማንም «ብቻ» አላለም፣ በዛ ምክንያት ነው ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጅ የተከፈተው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ግማሹን ሰሜን የሚያክመው። ሰባት ሺህ ሰው ኮሌጅ አስከፍቷል! አሁን ደግሞ ሰባት ሺህ የሬዲዮ ቀልድ ሆነ።

ወባ ካልኩ አይቀር፣ በ2020 በዓለም ላይ በወባ የሞተው ከ2019ኙ በ69 ሺህ በልጦ ነበር፣ ሁለት ሦስተኛው የሚሆነው ደግሞ በኮሮና ምክንያት አጎበሩም ምርመራውም ሕክምናውም ስለተስተጓጎለ ነው። እነዚህን ኮሮና ገደላቸው ወይስ ወባ? በ2021 ቢያንስ አንድ ዙር መደበኛ ክትባት ያመለጣቸው 25 ሚሊዮን ሕፃናትስ? ሰውዬው ጋ ዜሮ ናቸው፣ ቁጥሩ ውስጥ የሉማ። የቱሪስቱን ነገር ለአስጎብኚዎቹ ትቼዋለሁ፣ ፋሲል ግቢ በር ላይ ሙሉ ቀን ቆመው የማይመጣ እንግዳ ሲጠብቁ የዋሉትን።

ትምህርት ቤትስ? መጋቢት 7፣ 2012 ሲዘጋ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ገባ። የከተማው ልጅ ቲቪ አየ፣ ቴሌግራም ላይ ወርክሺት ተላከለት ምናምን። ከእኛ ጀርባ ቤት ግን ከቆላድባ ገጠር የመጣች ልጅ ተከራይታ ነበር፣ 8ኛ ክፍል፣ በየሁለት ሳምንቱ አባቷ ዱቄትና ሽሮ ስንቅ ይዘው ይመጣሉ። ስትሄድ ለሁለት ሳምንት ነው ብላ ምጣዷን እናቴ ጋ አስቀመጠች። ጥቅምት ላይ ሲከፈት አባቷ ብቻቸውን መጡና «ተድራለች» ብለው ምጣዱን ወሰዱ። እኩዮቿ 12ኛን በሚፈተኑበት ዓመት ገበያ ላይ አገኘኋት፣ ሁለተኛዋን አዝላ የመጀመሪያውን በእጇ ይዛ፣ ደህና ነኝ አለችኝ።

ይቺን ልጅ ሰውዬው ከመኪና አደጋ ጋር ያወዳድርልኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት እዛው ፕሮግራም ላይ ስለ ወባ ሊያወራ ተጋብዟል አሉ። ታክሲ ውስጥ ካገኘኝ እወርዳለሁ።