ሁለት ኤስ ይዞ ይሉኝታ

ላስ ቬጋስ ውስጥ በየካዚኖው ካርታ ሲያድሉ የሚያድሩ ሀበሾች ብዙ ናቸው። ታክሲ የሚነዱም እንደዚያው። እነዚሁ ሰዎች በእረፍት ቀናቸው አንዱ ቤት ተሰብስበው በትንሽ ብር ፖከር ይጫወታሉ፤ ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን። ለእያንዳንዱ ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይታደላል፣ መሐል ላይ አምስት ይገለጣል። ሕጉን አሳምረው ያውቁታል። የሚቸገሩት ጥሩ ካርታ ሲደርሳቸው ነው።

ሁለት ኤስ፣ የጥንዶች ሁሉ ቁንጮ፣ እጅህ ላይ የምትገባው በአማካይ ከ221 እደላ አንዴ ነው። ስትመጣ ታዲያ ሰው ይለወጣል። ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ጠረጴዛ ሲደበድብ የነበረው ሰውዬ ወሬውን ሳይጨርስ ጸጥ ይላል። የቃመውን ቆሎ ማኘክ ይረሳል። ጀርባውን ያቃናል። ካርታውን ገለጥ አድርጎ ደግሞ ያየዋል፤ እንዳይጠፋበት ይሆናል። ከዚያ የሞት ሞቱን ተንፍሶ፣ «እስቲ እኔም ልግባ» ይላል። ሕፃን ልጅ እንኳ ይነቃበታል።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው፣ ሌላው እንዲሸሽ፣ መደቡን ይጨምራል። የመነሻውን ሦስት፣ አራት እጥፍ፣ ጠንከር አድርጎ። ሁለት ኤስ የያዘ ሰው ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ቢጋጠም ከመቶ 85 ጊዜ ያህል ይበላል። ዘጠኝ ሰው ያገኘውን ይዞ እስከ መጨረሻው ቢከተለው ግን ወደ 31 ይወርዳል። ካርታው ያው ነው። የበዛው ሰው ነው።

ሀበሻ ደግሞ ሰው አያባርርም። የክርስትና አባትህ ከጎንህ ተቀምጠው «ልግባ እንዴ?» ሲሉህ በር መዝጋት ነውር ነው። ስለዚህ ሰውዬው በትንሹ ይገባል፣ ሌላውንም «ግቡ፣ ግቡ» ይላል። ሁሉም ይገባል። 7 እና 2 የያዘው፣ ማለትም በፖከር የመጨረሻው ውራጅ እጅ የደረሰው እንኳ፣ «ብቻችሁን ከምትሆኑ» ብሎ ይገባል። ካርታው ይገለጣል፦ 7፣ 7፣ 2።

«አስቀየምኩህ እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣህ!»

ባለ ሁለት ኪንግ ሌላ በሽታ አለበት። መሐል ላይ ከሚገለጡት ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ካርታዎች ውስጥ ኤስ የምትገኝበት ጊዜ ከመቶ 23 ገደማ ነው። ኤሷ ወጥታ፣ ማዶ ያለው ሰው ሁለቴ ጨምሮበት፣ እሱ ግን «ኪንግ ይዤ አልጥልም!» ይላል። ስለ ብሩ ትቶታል፣ ስለ ዘውዱ ነው የሚሟገተው። ኤስና ኪንግ የያዘውማ ገና ጥንድ እንኳ የለውም። ጥንድ 2 የያዘ ምስኪን ለጥቂትም ቢሆን ይቀድመዋል። ይህን መንገር ግን ልጅህ አያምርም እንደማለት ነው፤ ያኮርፋል።

በቅርቡ ካዚኖ የምትሠራ አንዲት ልጅ መጥታ ነበር። ካርታዋን አንዴ አየች፣ ቆሎዋን እየቆረጠመች አራት እጥፍ ጨመረች።

«ምነው ጨከንሽ?» አሉ ጋሼ።

«ካርታውን ይጣሉ ጋሼ፣ ይሻልዎታል።»

«በዚህ ዕድሜዬ በሴት ልጅ ልጣል?» ብለው ተከተሉ። ያላቸውን ሁሉ በላቻቸው። ማንም አላጨበጨበም። አንዱ «ዘንድሮ ልጆች ሰው አያከብሩም» አለ፣ ሌላው አቀርቅሮ ስልኩን ነካካ። ልጅቷ ብሩን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«ጋሼ፣ ለቤንዚን ልስጥዎት?»