«ጋሼ፣ አስመዝግበውታል?»

ባለፈው ሐሙስ ከፒያሳ ተነሥቼ፣ በራስ መኮንን ድልድይ ወርጄ ወደ አራት ኪሎ ስወጣ፣ አንድ ቅጽ ለማባዛት ከዋናው መንገድ ገባ ወዳለ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ አልሁ። ተራዬን እየጠበቅሁ ሳለ ከመስታወቱ ኋላ ከተደረደሩት ጥራዞች አንዱ ዐይኔን ያዘው፤ ለመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ለሚዘጋጁ ሰዎች ብዬ፣ ሁለት ክረምት ሌሊት ሌሊት ተቀምጬ የጻፍሁትና በራሴ ገንዘብ ያሳተምሁት መጽሐፌ ነበር። ሽፋኑ ግን የእኔ አይደለም፤ ስሜ ወጥቶ በቦታው አንድ የማላውቀው ስልክ ቁጥር ገብቷል። እኔ በ200 ብር የምሸጠውን እነርሱ በ120 ብር ይሸጡታል። ባለቤቱን አስጠርቼ «ይህ የእኔ ሥራ ነው» ስለው ምንም ሳይደነግጥ፣ እንዲያውም በትሕትና፣ «ጋሼ፣ አስመዝግበውታል?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ጥያቄ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። ለወንድሜ ብነግረው ገና ታሪኩን ሳልጨርስ «አስመዝግበኸው ነበር?» አለኝ። አንድ አብሮ አደጌ ቡናውን እየጠጣ «ኮፒራይት አውጥተህበት ነበር?» አለኝ፤ ኮፒራይት፣ ማለትም የቅጂ መብት፣ እንደ ቀበሌ መታወቂያ ተሰልፈው ከመስኮት የሚቀበሉት ነገር ይመስል። ከመጽሐፉ ላይ አጥንታ መንጃ ፈቃዷን ያወጣች የቀድሞ ተማሪዬ እንኳ «ውይ ጋሼ፣ ምነው አስቀድመው ባስመዘገቡት ኖሮ» ብላ ከልቧ አዘነችልኝ። ሌባውን አንድም ሰው «ይህን እንድታባዛ ማን ፈቀደልህ?» ብሎ አልጠየቀውም። የተጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ በገዛ ሥራዬ ተከሳሽ የሆንሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ንዴቴ ሲበርድ ሕጉን አውጥቼ አነበብሁት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። አዋጁ ጸሐፊን፣ ሠዓሊን፣ የዜማ ደራሲን ሁሉ «የሥራ አመንጪ» እያለ ይጠራል፤ የሥራ አመንጪ ደግሞ ሥራውን እንደፈጠረ፣ ሥራው ወጥ እስከሆነና ግዙፍነት እስካገኘ ድረስ፣ ሌላ ምንም ዓይነት ሥርዓት መፈጸም ሳያስፈልገው ጥበቃ ያገኛል። ወጥ ማለት ከሌላ ያልተገለበጠ፣ ከራሱ ከአመንጪው የፈለቀ ማለት ነው፤ ግዙፍነት ማለት ደግሞ በወረቀት፣ በሸራ፣ በቴፕ ወይም በኮምፒውተር ላይ ሰፍሮ ሊታይ፣ ሊሰማና ሊባዛ የሚችል መሆን ማለት ነው። በሌላ አነጋገር መጽሐፌ የእኔ የሆነው በዚያ ክረምት ሌሊት የመጨረሻውን ገጽ ጽፌ መብራት ያጠፋሁ ጊዜ ነው። ነገሩ ደግሞ ትናንት የመጣ አይደለም፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ደራሲ ሥራውን በመፍጠሩ ብቻ በሥራው ላይ የባለቤትነት መብት ያገኛል ይል ነበር። ከተጻፈ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነው ነገር ነው። ይህን ሁሉ የሚያትመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ መሆኑን ሳስብ፣ መሳቅም ማልቀስም ይቃጣኛል።

ብዙ ሰው የሕግ ጥበቃ የሚገባው «ትልቅ» ሥራ ብቻ ይመስለዋል፤ የታወቀ ልብ ወለድ፣ በአልበም የወጣ ዘፈን፣ በሲኒማ ቤት የታየ ፊልም። የእኔ ዓይነቱ የፈተና መዘጋጃ ግን እንደ ሽንኩርት መጠቅለያ ይታያል። አዋጁ እንዲህ አያዳላም፤ የሥራው ጥራትና የተዘጋጀበት ዓላማ ከግምት አይገባም። መጽሐፍና ትንሽ ጥራዝ፣ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ንግግር፣ ሌክቸር፣ ድራማ፣ ዜማ፣ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ፣ የሕንፃ ንድፍ፣ ፎቶግራፍ፣ ካርታ፣ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። ስብከት እንኳ በስም ተጠርቶ ገብቷል፤ የሰባኪዎችን ድምፅ በፍላሽ እየገለበጡ በየመንገዱ ዳር የሚሸጡ ወገኖቻችን ይህን ቢያነቡ ምን ይሉ ይሆን እላለሁ።

አሁን ደግሞ ራሴን ልመርምር፤ አለበለዚያ ብሶቴ ፍርደ ገምድል ይሆናል። መጽሐፌ ውስጥ የእኔ ያልሆነ ብዙ ነገር አለ። የትራፊክ ደንቡ ድንጋጌዎች የእኔ አይደሉም፤ አዋጁ የሕግና የአስተዳደር ይዘት ያላቸውን ይፋዊ ጽሑፎች ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል፤ ማንም አንሥቶ ሊያትማቸው ይችላል። የመንገድ ምልክቶቹን እኔ አልፈጠርኋቸውም። ለፈተናው መዘጋጃ የሚሆን መጽሐፍ በአማርኛ ማዘጋጀት የሚለው ሐሳብም የእኔ ሊሆን አይችልም፤ ሐሳብ፣ ዘዴ፣ ቀመርና ተራ መረጃ በቅጂ መብት አይጠበቁምና። ነገ አንድ ሌላ አሠልጣኝ ተነሥቶ በራሱ ቃል፣ በራሱ ምሳሌ፣ በራሱ ሥዕል ከእኔ የተሻለ መጽሐፍ ቢያወጣ ገዝቼ አነበዋለሁ እንጂ አልከሰውም። (በዚህ አጋጣሚ፣ በየካፌው «ሐሳቤን ሰረቁኝ» እያላችሁ የምታለቅሱ ወዳጆቼ፣ መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ጻፉት።)

ነገር ግን ድንጋጌዎቹን ለማስረዳት የመረጥኋቸው ቃላት የእኔ ናቸው። ሠልጣኞች የአደባባይ ቅድሚያ እየተምታታባቸው ሲቸገሩ አይቼ፣ «አደባባይ ደርሰህ ሳትቸኩል ግባ፣ ቅድሚያውን ልቀቅለት ቀድሞህ ለገባ» ብዬ የገጠምኋት ግጥም የእኔ ናት። ሥዕሎቹም የእኔ ናቸው። የአራት ኪሎን አደባባይ በእርሳስ ስሥል፣ መሐል ላይ የድል ሐውልቱን፣ በስተ ግራ ደግሞ አንዲት ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ አድርጌ፣ ከበሯ ወገቡ ድረስ ወጥቶ የሚጣራ ወያላ ጨምሬባት ነበር፤ ለፈተናው ምንም አይጠቅምም፣ ስሥለው ስላሳቀኝ ብቻ የተውሁት ነው። ይኸው ወያላ ከነተከፈተ አፉ በእነርሱ ጥራዝ ውስጥም ይጣራል። ገጽ 31 ላይ «ማቋረጫ» ለማለት «ማቋረጪ» ብዬ የሳትሁት ፊደል ሳይቀር አብሮ ተሰርቋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ አስመዝግበውታል ወይ የምባለው!

አንዳንዱ ደግሞ «ዕውቀት እኮ ነው ጋሼ፣ ድሀ ይማርበት» ይለኛል። ይህን ክርክር አልንቀውም፤ እኔም ከሰው ደብተር ገልብጬ የተማርሁ ሰው ነኝ። ሕጉም ለዚህ የሚሆን በር ትቷል። አንድ ሰው ለግሉ መገልገያ ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ማባዛት ይችላል፤ ለጥቅስና ለማስተማርም የተፈቀደ አጠቃቀም አለ። ይሁን እንጂ ያ ለግል መገልገያ የተሰጠው ፈቃድ እንኳ የመጽሐፍን አብዛኛውን ክፍል ማባዛትን አይጨምርም፤ ሙሉውን መጽሐፍ በሽቦ ጠርዞ በመስታወት ደርድሮ መሸጥማ ከየትኛው በር ይገባል? ድሀው ከ120 ብሩ ላይ ምን እንዳተረፈ እንጃ፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያተረፈውን ግን ቆጥሬ ልነግራችሁ እችላለሁ።

አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄ ብቻ ተገቢ ጥያቄ ጠየቀኝ፤ «ስትጽፈው ተቀጣሪ ነበርህ?» አለኝ። በአዋጁ መሠረት በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል ሥራ ላይ የተዘጋጀ ነገር፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የአሠሪው ነውና። እኔ የጻፍሁት አስተምርበት የነበረውን የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ከለቀቅሁ በኋላ፣ በቤቴ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ እፎይ አልሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን የስሜ መፋቅ ነው። ሕጉ ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል፤ ኢኮኖሚያዊውን፣ ማለትም የማባዛትና የመሸጡን፣ በጽሑፍ ውል ለሌላ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ይህም በሕይወት ዘመኔና ከሞትሁ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሞራላዊው ደግሞ የሥራው አመንጪ እኔ ስለመሆኔ እንዲታወቅልኝ፣ ሥራዬም እንዳይቆራረጥና እንዳይዛባ የመጠየቅ መብቴ ነው። መጽሐፉን በነፃ አባዝተው በየታክሲ ሰልፉ ቢያድሉት ኖሮ እንኳ ስሜን የመፋቅ ሥልጣን አያገኙም ነበር።

ምዝገባን እየተቃወምሁ እንዳይመስላችሁ። በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ክርክር ሲነሣ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል፤ እኔም በሚቀጥለው ሳምንት ሄጄ አስመዘግባለሁ፣ ሰልቸት ብሎኝም ቢሆን። ማስረጃ መያዝ ሌላ፣ መብት ማግኘት ሌላ መሆኑን ግን ለፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ሩብ ሰዓት ሙሉ ባስረዳው፣ «እሺ ጋሼ፣ ሲያስመዘግቡት ወረቀቱን ይዘው ይምጡና እናነሣዋለን» ብሎ መለሰልኝ።

ለማስረጃ የሚሆነኝን አንድ ቅጂ በ120 ብር ገዛሁ። የገዛ መጽሐፌን ገዝቼ ደረሰኝ ስጠይቅ፣ የሸጠልኝ ልጅ «ልዩ ልዩ ጽሕፈት መሣሪያ» ብሎ ጻፈልኝ። ቤቴ ገብቼ ስገልጠው ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ እኔ ባሰፈርሁት ቃልና ፊደል፣ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያለ አዘጋጁ ፈቃድ ማባዛት ክልክል ነው» ይላል። አዘጋጁ ማን እንደሆነ ግን አይናገርም።