«ቅርብ ነው» እያላችሁ ለምን ታደክሙናላችሁ?

ዓመቱን ሙሉ ጠብቄ ያገኘሁት የእረፍት ፈቃድ አምስት ቀን ብቻ ነበር። ሦስቱን ቀን ለከተማው ሙዚየሞችና ጥንታዊ ሕንፃዎች፣ ሁለቱን ደግሞ «ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ቅርብ ነው» ለተባልኩት ደንና ፏፏቴ መደብኩ። ይህን የምጽፈው ከልቤ አዝኜ ነው፤ ያሳዘነችኝም «ቅርብ» የምትለዋ ቃል ናት።

40 ኪሎ ሜትር በሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። በተራራ ጥምዝምዝ መንገድ ላይ ግን፣ ያውም የከተማው ሰው ሁሉ ንጹሕ አየር ፍለጋ በሚወጣበት ቅዳሜ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል፤ እኔም የሆነብኝ ይኸው ነው። አስጎብኚ ድርጅቱ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ነገረኝ እንጂ፣ መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ የፓርኩ በር ጎብኚ ማስገባት የሚያቆመው መቼ እንደሆነ፣ የመጨረሻው የመመለሻ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ አንዱንም አልነገረኝም። መንገደኛ ከእነዚህ የበለጠ ምን ማወቅ ያስፈልገዋል?

በእርግጥ ቅርበቱ እውነት የሆነባቸው ከተሞች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1946 የተቋቋመው የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ከመሐል ከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ፣ ማለዳ አውራሪስ ያየ ሰው ከሰዓት በኋላ ሙዚየም ሊገባ ይችላል። በኬፕ ታውን ደግሞ 1,086 ሜትር ከፍታ ያለው የጠረጴዛ ተራራ ከከተማው ራስጌ ቆሟል፤ ሆኖም እዚያም ነፋስ ሲበረታ በገመድ ተንጠልጥሎ ጎብኚ የሚያወጣው ኬብል ካር ሥራ ስለሚያቆም፣ ተራራውን ለመጨረሻው ቀን ያቆየ ሰው ሳይወጣ ሊመለስ ይችላል። ሙዚየም ዝናብ እየዘነበም ይጎበኛል፤ ተራራና ደን ግን እንደዚያ አይደሉም። ስለዚህ መርሐ ግብር የሚያወጣ ባለሙያ ተፈጥሮውን አስቀድሞ፣ አየሩ ቢበላሽ የሚቀያየር ቀን ከከተማው ድርሻ ሊያተርፍ ይገባዋል። ብዙ ሙዚየሞች ሰኞ፣ የፓሪሱ ሉቭር ደግሞ ማክሰኞ ዝግ ናቸው፤ ታዲያ መንገዱ ጭር በሚልበት በዚያው የሥራ ቀን ወደ ደኑ መውጣት እንዴት ለማንም አይታየውም?

የእኔ መርሐ ግብር ግን ደኑን ለቅዳሜና ለእሑድ አቆይቶ፣ የቅዳሜንም ጠዋት ለከተማው ሰጥቶ፣ እኩለ ቀን ላይ አስነሣን። ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ስንደርስ፣ መግቢያው የተዘጋው 9 ሰዓት ላይ መሆኑን ጥበቃው በትሕትና ነገረን፤ በእርሱ አልፈርድም። እሑድ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ የእግር መንገዱን አጨቅይቶት ስለነበር ማንንም አላስገቡም። አምስቱ ቀን አለቀ፤ የፏፏቴውን ድምፅ ሁለቱንም ቀን በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ፣ ውኃውን ግን አላየሁትም።