የበሩን እጀታ ያስለቀቅናት ነርስ

ወገኖቼ፣ የምነግራችሁ ነገር እኔንም እናንተንም የሚያሳፍር ነው፤ ማፈር ግን ይገባናል።

አባቴ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በተኛበት ሆስፒታል በአስታማሚነት ባደርኩበት ሌሊት፣ ተረኛዋ አንዲት ወጣት ነርስ ነበረች። ከምሽት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ያንን ሁሉ ክፍል የምትጠብቀው ብቻዋን ሲሆን፣ ከሥራዎቿም አንዱ ከአባቴ አልጋ ጎን በተንጠለጠለው ከረጢት የሚጠራቀመውን ሽንት በየሰዓቱ እየለኩ መመዝገብ ነበር። የኩላሊቱ ደኅንነት የሚታወቀው በዚህ ነውና፣ 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝነው አባቴ መጠኑ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች እንዳይወርድ ትከታተል ነበር። መብራቱ ደብዛዛ ስለነበረ በርከክ ብላ በስልኳ ብርሃን የከረጢቱን መስመር ስታነብ አይቻለሁ። እሷ ራሷ ሥራ ከገባች ጀምሮ አንድም ጊዜ ሽንት ቤት አለመሄዷን ግን ከመካከላችን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ፈጠን ብላ በኮሪደሩ ጫፍ ወዳለው መጸዳጃ ቤት አመራች። የበሩን እጀታ እንደያዘች አባቴ ሲያቃስት ሰማሁና ተከትያት ሮጥኩ። «በሽተኛ ጥለሽ ወዴት ነው?» አልኳት። «አንድ ደቂቃ ብቻ ወንድሜ፣ መጣሁ» አለችኝ። እኔ ግን ልትተኛ ነው ብዬ ጮኽኩ። ከየክፍሉ አስታማሚዎች ወጡ፤ አንዱ ደመወዝ የምትበላው በነጻ እንደሆነ ተናገረ፣ ሌላው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻት ጀመር፣ «ትሂድበት እንጂ» ያለ ግን አንድ ሰው እንኳ አልተገኘም። እሷም አልተከራከረችም። እጀታውን ለቀቀችና ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ በመካከላችን አልፋ ተመለሰች። አባቴ የፈለገው ትራሱ ከፍ እንዲልለት ነበር። ትራስ! በገዛ እጄ ላደርገው የምችለው ነገር! ያን እንደጨረሰች ከሌላ ክፍል ተጠራች፤ እስኪነጋ ድረስም ወደዚያ በር ስትመለስ አላየሁም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በቦታዋ ሌላ ነርስ ሳገኝ ጠየቅኩ። ብርድ ብርድ እያላትና ጎኗን ቀስፎ ይዟት እንደተኛች፣ ከሽንት ፊኛዋ የጀመረው ኢንፌክሽን ኩላሊቷ መድረሱንም ነገረችኝ። ያቺ ሌሊት ብቻዋን አሳመመቻት ብዬ አልናገርም። እንደዚያች ያሉ ስንት ሌሊቶች እንዳለፉባት ግን ማን ያውቃል?

የሽንት ፊኛ የሚይዘው ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ከዚያ በላይ በግድ እየተወጠረ የሚኖር ፊኛ ጡንቻው ሊላላ፣ ሽንትንም ሙሉ በሙሉ ማስወጣት ሊሳነው ይችላል፤ የሚቀረውም ሽንት የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። ሴቶች የሽንት ቧንቧቸው 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከአንጀት የሚመጣው ባክቴሪያ ፊኛቸው ለመድረስ ሩቅ መንገድ የለበትም፤ ጠርጎ የሚያወጣውም በየጊዜው የሚሸና ሽንት ነው። ነርሶች ግን ሽንት ቤት መሄጃ ጊዜ እንደማያገኙ ስለሚያውቁ፣ ገና ተራቸው ሳይጀምር ውኃ መጠጣት ይቀንሳሉ፤ እንቅልፍን ለማባረር የሚጠጡት ቡና ደግሞ ፊኛን ይቆጠቁጣል። (ለሕሙማን «ውኃ በደንብ ጠጡ» የሚሉት እነዚሁ ከንፈራቸው የደረቀ ሰዎች ናቸው።) በዚህ ላይ፣ ሌሊት ኩላሊት ሽንትን እንዲቀንስ የሚያዝዘው የሰውነት ሥርዓት ሌሊቱን ነቅቶ በሚያድር ሰው ላይ ሊዛባ ስለሚችል፣ ቀን ለመተኛት ሲሞክሩ ሽንት እየቀሰቀሰ ያቺኑ አጭር እንቅልፋቸውን ይቆራርጥባቸዋል።

እናንተ የተራ መርሐ ግብር የምታወጡ ኃላፊዎች፣ ለአንድ ነርስ ያን ሁሉ አልጋ ስትሰጡ፣ ለ5 ደቂቃ የሚተካት ሰው ያልመደባችሁት ሰውነት የሌላት መስሏችሁ ነውን? ቁጣዬ ግን እናንተ ላይ ሊቆም አልቻለም፤ ተመልሶ ወደ እኔ ይመጣል። በዚያች ሌሊት ኮሪደሩ ላይ የጮኸ ኃላፊ አልነበረም፤ የጮኽኩት እኔ ነኝ። የአባቴን ሽንት በሚሊ ሊትር የምትቆጥርልኝን ልጅ የራሷን እንዳትሸና የከለከልኳት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ሁለት ጊዜ ተመልሼ ሄጄ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ሥራ አልጀመረችም ተባልኩ።

ወገኖቼ፣ ከእናንተ የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ሌሊት ተረኛዋ ከወንበሯ ስትነሳ ስታዩ ከኋላዋ አትጥሯት፤ ነፍስ የሚያሰጋ ነገር ካልሆነ ትራሱን እናንተ አንሡት፣ ብርድ ልብሱን እናንተ አልብሱት። ትሰሙኛላችሁ ብዬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ለሚወዱት ሰው መጨነቅ ምን እንደሚያደርግ በራሴ አይቻለሁና።

ነገር ግን ከሆስፒታሉ በወጣንበት ዋዜማ፣ ሌላዋ ተረኛ ወደዚያው በር ስታመራ ደወል ተደወለና ቆም አለች። በእድሜ የገፉ አንዲት አስታማሚ ከምንጣፋቸው ተነሥተው «ሂጂ ልጄ፣ እኔ አየዋለሁ፤ የባሰ ነገር ከሆነ አንኳኳለሁ» አሏትና ወደተደወለበት ክፍል ገቡ። ነርሷ ለአፍታ አየቻቸው፤ ከዚያም በሩን ከፍታ ገባች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ስትወጣ ሦስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም ነበር።