«ቻይ ናት» ማለቱ ይብቃን

የወሎ ሰው፣ ዛሬ ልቆጣ ነው። የራሳችሁ ልጅ ነኝና ቻሉኝ።

ለወሎ ሴት አንገቷን ዘፈናችሁላት። ዐይኗን፣ ጥርሷን፣ ሹሩባዋን። ከአራቱ ቅኝት ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የአገራችንን ስም ይዘው ስለ እሷ ሲያዜሙ ይኖራሉ። ወገቧንም ሸንቃጣ ነው ብላችሁ ዘፍናችኋል። ያማታል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልሰማሁም።

አክስቴ ኩታበር ነው የምትኖረው። አምና ልጠይቃት ሄድኩ። ቡና አፈላች። ከረከቦቱ አጠገብ ስትነሳ ግድግዳ ይዛ ነው፤ ስትቀመጥም በአንድ ጎኗ። «ምን ሆነሽ ነው እትዬ?» ስላት «ምንም፣ እርጅና ነው» አለችኝ። አቦሉ አለፈ፣ ቶናው አለፈ። በረካው ላይ ወንዶቹ ሲወጡ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ማህፀኗ ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በጨርቅ ደግፋ፣ በላዩ መቀነቷን አጥብቃ፣ ውሃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች። ዘጠኝ ዓመት! ያን ዕለት ማታ ባሏ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አክስትሽ እኮ ቻይ ናት።»

የምጣላው ከዚች ቃል ጋር ነው። ለሴት የምንሰጣት ትልቁ ምስጋና ናት። ሐኪም ቤት እንዳትሄድ የሚያስራትም ይኸው ምስጋና ነው። ቻይ የተባለች ሴት አመመኝ ካለች ስሟ ይጎድላላ!

የማህፀን መውጣት እርግማን አይደለም። ብዙ መውለድ፣ የተራዘመ ምጥ፣ ገና አራስ ሳሉ ሸክም፤ እነዚህ ማህፀኑን ደግፈው የሚይዙትን ጡንቻዎችና ጅማቶች ያላላሉ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ዳገቱን ይዛው ትወጣለች። ጎረምሳው ልጇ ደጅ ቁጭ ብሎ ስልኩን ይጎረጉራል።

ነገሩ የሚጀምረው ደግሞ ከልጅነት ነው። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ ለጋብቻ 18 ዓመት ይላል። እኛ ጡቷ ብቅ ሲል «ደረሰች» እንላለን። ሠርጉን ከሕግ ለመደበቅ አንዱ ማኅበር ነው ይላል፣ ሌላው ሰደቃ ነው ይላል። ዳሌዋ ሳይጠና ታረግዝና ሁለት ሦስት ቀን ታምጣለች። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ግማሹ «ማርያም ማርያም»፣ ግማሹ «ያ ፋጢማ» ይላል። ጸሎቱን፣ ዱዓውን ማን ከለከለ? እየጸለያችሁ ቃሬዛውን አንሱ እንጂ! የሕፃኑ ጭንቅላት ተቀርቅሮ ሲቆይ የሽንት ፊኛዋ ደም አጥቶ ይበሳል። ከዚያ ሌት ተቀን ሽንት ነው። ፊስቱላ ማለት ይሄ ነው። አብዛኛው በቀዶ ጥገና ይድናል፤ ግን ብዙዋ መዳን መኖሩን ሳትሰማ በጓዳ ትደበቃለች፣ ጠረኗን ሽሽት ባሏ ትቷት ይሄዳል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነጻ ነው። ከመንገድ የራቃችሁ፣ ወሯ ሲገባ አስቀድማ የምታርፍበት የእናቶች ማቆያ አለ። ምን ትጠብቃላችሁ?

ስለ ክትባቱም ልናገር። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች በነጻ ይሰጣል። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ግን ከክትባቱ ቀድሞ መንደር ይገባል። ውሸት ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ እህቶቼ ደግሞ ተመርመሩ። ጥቂት ደቂቃ ነው። ሰላጣ ላይ የምናደርገው አቼቶ ዓይነት ፈሳሽ ይቀባል፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይታያል። ካንሰር እስኪሆን ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ በዚያ መሃል ከተደረሰበት ይታከማል።

ካረጠች በኋላ ደም አይታ «ልጅነቴ ተመለሰ» ብላ የሳቀች እናት አውቃለሁ። አያስቅም። ጠብታም ብትሆን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይያት።

ወንዱን ብቻ እንደተናገርኩ አትቁጠሩት። አማቶች፣ እናንተ ናችሁ «እኛ በስንተኛው ቀን ውሃ ወርደን የለም ወይ?» እያላችሁ አራሷን የምታስነሱት። ወርዳችኋል። ታዲያ ወገባችሁ ዛሬ እንዴት ነው? እስቲ ለምራታችሁ እውነቱን ንገሯት።

አክስቴን ደሴ ወስደን አሳይተናት፣ ኦፕራሲዮን ሆና ተመልሳለች። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሳ አስጠንቅቋታል። ውሃውን አሁን የሚያመጣው ባሏ ነው፣ በአህያ ጭኖ። አህያዋ ያኔም ነበረች።