እርማት፦ ቀላል መጽሐፍ ልጅን አያሰንፍም

"ቀላል መጽሐፍ ልጅን ያሰንፋል፣ ልጄን ነጥቄ ከባዱን ሰጠሁት" ላልሽው እህቴ፣ ይሄን ብዙ ሰው ይለዋል፤ ግን ልክ አይደለም።

ልጅ ማንበብ ሲጀምር ጉልበቱ የሚያልቀው ፊደል በመለየት ነው። የእኛ ደግሞ 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው 7 መልክ አላቸው፤ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ 231 ማለት ነው። ቃሉን እየቆራረጠ እስኪጨርስ የዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይጠፋበታል። ቀላል መጽሐፍ ላይ ግን ያው ቃል ተመላልሶ ሲመጣበት ዓይኑ ይለምደዋል፣ ሐሳቡም ወደ ታሪኩ ይሄዳል።

ደብረ ማርቆስ ያለው የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ክፍል ነው። ወፍራም መጽሐፍ ስሰጠው "ተ... ን... ቀ..." እያለ በጣቱ ይጎትትና ቀና ብሎ ፊቴን ያያል። ስለ ዶሮ የምታወራ 8 ገጽ መጽሐፍ ስሰጠው ግን በሦስተኛው ዙር ለታናሽ እህቱ ድምፁን እየቀያየረ አነበበላት። አቤት ደስታው!

እዚሁ ጎጃም የቄስ ትምህርት ቤት እንኳ ልጁን ዘሎ ዳዊት ላይ አያስቀምጠውም። ፊደል ይቆጥራል፣ አቡጊዳ ይላል፣ መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፤ ዳዊቱ ከዚያ በኋላ ነው።

ከባድ መጽሐፍ ይቅር አላልኩም። እሱን ማታ ማታ አንቺ አንብቢለት። ራሱ በሚያነበው ላይ ግን በአንድ ገጽ 5 ቃል ካደናቀፈው ለጊዜው አቆዪለት። ያችን ቀጭን መጽሐፍ 10 ጊዜ ቢደግማትም እባክሽ አትንጠቂው።