ደም ቅዳ በምራቅ አይለካም

«የሆድ አኦርታ እብጠት 70 በመቶ በዘር የሚወረስ ነው፤ ምራቅዎን ይላኩልን፣ ዕጣዎን እንነግርዎታለን።» ሰሞኑን ማኅበራዊ ሚዲያውን ያጥለቀለቀው የጂን ምርመራ ማስታወቂያ እንዲህ ይላል። አኦርታ ከልብ ተነሥቶ በሆድ በኩል የሚወርደው ትልቁ ደም ቅዳ ነው፤ ካበጠ ሊፈነዳ ይችላል። ከዚህ ሁሉ መሠረት ያለው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ እሱንም አላግባብ ጠምዝዘውታል።

70 በመቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 ከታተመ የስዊድን መንትዮች ጥናት ነው። በዚያ ሕዝብ መካከል ከሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ ይናገራል እንጂ፣ የእርስዎ ደም ቅዳ ይፈነዳ እንደሆነ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታወቀውን፣ ዘጠነኛው ክሮሞዞም ላይ ያለውን 9ፒ21 የተባለ የጂን ቦታ እንይ። የአደገኛው ዓይነት አንድ ቅጂ ተጋላጭነትን የሚጨምረው በ30 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው አውሮፓዊ ቢያንስ አንዱን ይዞት ይዞራል። ታዲያ ይሄ ዕጣ ነው? እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ሰፊ ጥናት ከእብጠቱ ጋር የተያያዙ 121 የጂን ቦታዎችን ለይቷል። መድኃኒት ለሚፈልግ ተመራማሪ ሀብት ነው፣ አልክድም። ነገር ግን መረጃው በአመዛኙ የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተሰበሰበ ስለሆነ፣ ለሐበሻ ሲሰላ አስተማማኝነቱ ይበልጥ ይሳሳል።

«ደምዎንም እንመረምራለን» ይላሉ፤ ዲ-ዳይመር ማለታቸው ነው፣ የረጋ ደም ሲሟሟ ደም ውስጥ የሚገኝ የፕሮቲን ቁራጭ። እብጠቱ ውስጥ ደም ሲረጋ ከፍ ይላል፣ እውነት ነው። በሳንባ ምች፣ በካንሰር፣ በእርግዝና፣ በእርጅናም ከፍ ይላል።

ሐኪሙ የሚፈልገው ሴንቲሜትር ነው፤ የአኦርታው ስፋት። 3 ከደረሰ እብጠት ይባላል። በእንግሊዝ የልየታ ምርመራ እስከ 4.4 በዓመት አንዴ፣ ከ4.5 እስከ 5.4 በየሦስት ወሩ ይለካል፤ 5.5 ሲሆን የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ይነሣል፤ አንዳንድ የሌላ አገር መመሪያዎች ለሴቶች 5 ላይ ይላሉ። ይህን ቁጥር የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ አልትራሳውንድ ነው። እሱም በሥርዓት ከተሠራ! ጋዝ ምስሉን ስለሚጋርድ በባዶ ሆድ መምጣት ይሻላል። መሣሪያው ከደረት አጥንት ጫፍ ሥር ተነሥቶ አኦርታው ለሁለት እስከሚከፈልበት እስከ እምብርት አካባቢ ይውረድ። ደም ቅዳው ተጣሞ ሳለ በሰያፍ የለካ ባለሙያ እብጠቱን ያጋንነዋል። የባሰው ግን ግድግዳው ላይ የረጋውን ደም ትቶ ደም የሚፈስበትን ጥቁር ቀዳዳ ብቻ የሚለካው ነው፤ 5.6 የነበረው 3.4 ተብሎ ይጻፍና ሰውዬው ተመርቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንዱ ከውስጥ ግድግዳ እስከ ውስጥ፣ ሌላው ከውጭ እስከ ውጭ ስለሚለካም የጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት ይመጣል፤ ያልጨመረ እብጠት «አደገ» ይባላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አለካኩ ይጻፍ።

ዘርን ማወቅ የፈለገ አባቱን፣ እናቱን፣ ወንድሙን፣ እኅቱን ይጠይቅ፤ ከእነዚህ አንዱ ይህ በሽታ ካለበት ተጋላጭነቱ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ጥያቄው በነጻ ነው። አሜሪካም ከ65 እስከ 75 ዓመት ያለ ወንድ አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ ይነሣ የምትለው በሕይወት ዘመኑ ሲጋራ አጭሶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቃ ነው። ማስታወቂያው ውስጥ ሲጋራ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።